መለኪያው አልተበላሸም፤ የኬሞውን ኪኒን ሰዓት ተመልከቺ

እህቴ፣ «አባቴ የቆየ ስኳር አለባቸው። ለሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) ኬሞ ከጀመሩ ወዲህ ጠዋት 130 የነበረው ማታ 400 ያልፋል። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆን ወይስ ተደብቀው ጣፋጭ ይበላሉ?» ብለሽ ጠይቀሻል። መለኪያው ደህና ነው፤ አባትሽንም አትጠርጥሪያቸው። እኔም አባቴን በዚሁ በሽታ አስታምሜያለሁ፤ የጻፍሽው ሁሉ በቤቴ ደርሷል።

1. ስኳሩን የሚያንረው ፕሬድኒሶሎን የሚባለው፣ ከኬሞው ጋር የሚዋጠው የስቴሮይድ ኪኒን ነው። ከሊምፎማ መድኃኒቶች ጋር ብዙውን ጊዜ በየ21 ቀኑ ለ5 ቀን ይዋጣል፤ የተለመደው መጠን በቀን 100 ሚሊ ግራም ነው፤ ባለ 5 ሚሊ ግራሙ ከተሰጣችሁ 20 ፍሬ ማለት ነው። ጠዋት ሲዋጥ ስኳሩ ከቀትር በኋላ ይወጣል፣ እስከ ማታ ይቆያል፣ ሌሊት ይወርዳል። ጠዋት በባዶ ሆድ ብቻ የሚለካ ሰው ምንም አያይም። በእነዚያ ቀናት ከምሳ በፊት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማና ከመኝታ በፊት ለኪያቸው። ስትሪፕ (የመለኪያው ወረቀት) ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከሌሎቹ ቀናት ቆጥበሽ ለእነዚህ አድርጊው።

2. የኢንሱሊን መጠን በሁለት ዓይነት ይጻፍልሽ፤ አንዱ ፕሬድኒሶሎን ለሚወሰድባቸው ቀናት፣ ሌላው ለቀሪዎቹ። እኛን ከባድ ዋጋ ሊያስከፍለን የነበረው ይህ አለመጻፉ ነው። የኬሞ ክፍሉ «ስኳሩን የስኳር ክትትል ክፍል ይየው» አለን። እዚያ ስንሄድ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ካርዱን እንኳ ሳትገልጥ «ቀጠሮአቸው ገና ነው» አለች። አባቴ ውሃ ጥምና ሽንት አድክሟቸው ግድግዳ ተደግፈው ነበር። ጮኽኩ፤ ዛሬም ቢሆን እጮኻለሁ። በመጨረሻ ገባን። ሐኪሙ ማታ የተመዘገበውን 430 ዐይቶ የማታውን ኢንሱሊን ጨመረ። ሌላ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ አልጠየቀም፤ የኬሞውን ወረቀት ስዘረጋለት «እሱ የእኔ ክፍል አይደለም» አለኝ።

በ5ኛው ቀን ኪኒኑ አበቃ፣ ስኳሩም ወረደ። የተጨመረው ኢንሱሊን ግን እንደተጨመረ ቀረ። በዚያ ላይ በኬሞው አፋቸው ቆስሎ ምግብ አልወርድ ብሏቸው ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ላብ አጥምቋቸው፣ ስጠራቸው የማይገናኝ ነገር እየመለሱልኝ አገኘኋቸው። ስኳራቸው 38! መዋጥ ይችሉ ስለነበር ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጬ አጠጣኋቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሜ ለካሁ፤ ከፍ ሲል አጥሚት ሰጠኋቸው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂ።

በኋላ ያገኘናቸው አንድ አዛውንት የውስጥ ደዌ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቁን «ኪኒኑን በስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት?» ብለው ነበር። ከቁርስ ጋር ነው አልኳቸው። የማታውን ኢንሱሊን ወደ ቀድሞው መለሱ፤ ለ5ቱ ቀናት ጠዋት የሚወጉትን ኤንፒኤች የሚባለውን የኢንሱሊን ዓይነት ብቻ ጨመሩ፤ መቼ እንደሚቀነስም በእጃቸው ጻፉልን። ጠዋት የተወጋ ኤንፒኤች ጉልበቱ የሚበረታው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ስለሆነ ከኪኒኑ ጋር አብሮ ይሄዳል። ስንት ዩኒት እንደሆነ አልነግርሽም፤ የአባትሽን ኩላሊትና ክብደት ዐይቶ የሚወስነው ሐኪም ነው። ሰዓቱን፣ ስኳሩን፣ ኢንሱሊኑን፣ ኪኒኑንና የበሉትን የምጽፍበትን ደብተር ሲያዩ ለሌሎች አስታማሚዎች ለማሳየት ፎቶ አነሱት። ኮርቻለሁ።

3. ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ከበረታባቸውና ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ እንዲቀጥሉ ወይም እንዲያቆሙ የዚያኑ ቀን ጠይቂ። ሲቲ ስካን በመርፌ ከሚሰጥ መድኃኒት ጋር ከታዘዘላቸውም ሜትፎርሚን እንደሚወስዱ አስቀድመሽ ተናገሪ። ደም ከተሰጣቸው የ3 ወሩ የስኳር አማካይ ምርመራ ሊያሳስት ስለሚችል በደብተርሽ ተማመኚ። ከመድኃኒቶቹ ውስጥ ቪንክሪስቲን ካለ እግር ያደነዝዛል፤ ስኳሩም ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ጫማቸውን ሲያወልቁ የእግራቸውን ጣቶችና መዳፍ በመብራት እዪ። ሙቀታቸው 38 ዲግሪ ከደረሰ ማስታገሻ ሰጥተሽ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ በኬሞ ላይ ላለ ሰው ኢንፌክሽን አደገኛ ነው፣ ስኳር ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ጠያቂዎችንም ተቆጣጠሪ። አንዱ የማንጎ ጭማቂ ይዞ ይመጣል፤ ሌላው «ስኳር ካንሰሩን ይመግበዋል» ብሎ ያስፈራራል። አባቴ ይህን ሰምተው እንጀራ እንኳ እምቢ ያሉበት ጊዜ ነበር፤ ኢንሱሊን ተወግቶ አለመብላት ምን እንደሚያመጣ ከላይ ነግሬሻለሁ። ጾም ላይም ከሆኑ የንስሐ አባታቸውን አነጋግሪ፤ የእኛው እንዲበሉ ሳያመነቱ ነው የፈቀዱት።

የሚቀጥለው ዙር ከመድረሱ በፊት የኬሞውን ወረቀትና ደብተሩን ይዘሽ የስኳር ክትትሉ ክፍል ሂጂ። መስኮቱ ላይ ከመለሱሽ የክፍሉን ኃላፊ ጠይቂ፤ ሳይጻፍልሽ አትውጪ። የደብተሩን አሠራር ከፈለግሽ ገጹን ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።