ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሳንባዬን እንደ ዓሣ ነባሪ ማሠልጠን እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ29 ዓመት ወጣት ነኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ያለ አየር ጋን፣ ትንፋሼን ብቻ ይዤ ጠልቆ መዋኘት እየተለማመድኩ ነው። ከመጥለቄ በፊት በፍጥነትና በጥልቀት ደጋግሜ እተነፍሳለሁ፤ እንዲህ ሳደርግ ውኃ ውስጥ የምቆይበት ጊዜ ይረዝማል። በቅርቡ ወደ ላይ ስወጣ፣ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ዓይኔ ጭልም ብሎብኝ ነበር። ዓሣ ነባሪዎችና አቆስጣዎች እንደ እኛው በሳንባ እየተነፈሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ጥልቅ ባሕር ውስጥ ይቆያሉ። ሳንባቸው ምን ቢኖረው ነው? የእኔንስ እንደዚያ ማሠልጠን እችላለሁ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልን። ስለ ዓይንዎ መጨለም በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነግረውኝ አልፈዋል፤ እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ውኃ ውስጥ ራስዎን ሊስቱ ጥቂት ነበር የቀረዎት። ያንን ፈጣን ትንፋሽ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ምክንያቱን እነግርዎታለሁ፤ ለዚያ ግን የእንስሳቱን ሳንባ አስቀድመን ብናይ ይሻላል።

ብዙ ሰው ምሥጢሩ የሳንባቸው ትልቅነት ይመስለዋል። አንታርክቲካ የሚኖረው የዌደል አቆስጣ እስከ 600 ሜትርና ከዚያም በላይ ይጠልቃል፤ ሊወርድ ሲል ግን አየር አይስብም፣ ያስተነፍሳል። እርስዎ ደረትዎን ሞልተው በሚወርዱበት ቦታ እሱ ሳንባውን አጉድሎ ይወርዳል።

ይህ የሆነበት ምክንያት የውኃው ጫና ነው። በየ10 ሜትሩ፣ ምድር ላይ የሚጫነን አየር ያህል ሌላ ጫና ይጨመራል። ስድስት ሊትር አየር ይዞ የወረደ ሰው 10 ሜትር ላይ ሦስት ሊትር፣ 30 ሜትር ላይ አንድ ተኩል ሊትር ብቻ ይቀረዋል። አንድ ተኩል ሊትር ደግሞ የቻልነውን ያህል ብናስተነፍስ እንኳ ደረታችን ውስጥ ከሚቀረው አየር ጋር ይቀራረባል። የሰው የጎድን አጥንት ከዚያ በኋላ እምብዛም አይታጠፍም። ክፍተቱን ለመሙላት ደም ከእጅና ከእግር ወደ ደረት ይሳባል፤ ይህም በልምምድ ጥቂት ሰዎችን ከ100 ሜትር በታች አድርሷል። ነገር ግን ቀጫጭኖቹ የሳንባ ደም ሥሮች ከአቅም በላይ ሲወጠሩ ፈሳሽና ደም ሳንባ ውስጥ ወዳሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ያስገባሉ። ሮዝ አረፋ የቀላቀለ ሳል የሚመጣው ከዚህ ነው።

የአቆስጣና የዓሣ ነባሪ ደረት ግን ይታጠፋል። የጎድን አጥንቶቻቸው ላላ ብለው የተያያዙ በመሆናቸው ሳንባቸው ሳይቀደድ ይጨመቃል። ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የአዘጋጉ ቅደም ተከተል ነው። የመተንፈሻ ቧንቧዎቻቸው፣ የጆሯችንን ቅርጽ ደግፎ እንደሚይዘው ባለ ለስላሳ አጥንት፣ እስከ አየር ከረጢቶቹ አፍ ድረስ ተደግፈዋል። ጫናው ሲበረታ መጀመሪያ ከረጢቶቹ ይዘጋሉ፤ የነበረባቸው አየር ወደ ቧንቧዎቹ ይገፋል። በእኛ ሳንባ ውስጥ ድጋፉ ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ ትንንሾቹ ቧንቧዎች ቀድመው ተዘግተው አየሩን ከጀርባቸው ያስቀሩታል።

ቧንቧ ውስጥ የተቀመጠ አየር ወደ ደም አይገባም። ስለዚህ አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በደማቸው ብዙም አይከማችም፤ ሲወጡም አብዛኛውን ጊዜ አረፋ ሆኖ እንደ ጠላቂ ሰው አያሠቃያቸውም። ፐር ሾላንደር የተባለው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ይህን በ1940 እ.ኤ.አ. አስረድቶ ነበር፤ በኋላ በተደረጉ ልኬቶች የዶልፊን ከረጢቶች 70 ሜትር ገደማ ላይ እንደሚዘጉ ታይቷል።

የተዘጋ ሳንባ መልሶ መክፈት ቀላል እንዳይመስልዎ። እርጥብ ፌስታል ግድግዳና ግድግዳው ሲጣበቅ ለማላቀቅ እንዴት እንደሚያስቸግር ያስታውሱ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሳንባው አንድ ክፍል የተኮማተረበትን ታካሚ፣ ለመክፈት አንዳንዴ ቀናት ትንፋሽ እናለማምደዋለን። አቆስጣ በቀን ደጋግሞ ይከፍተዋል። ከረጢቶቹን ከውስጥ የሚቀባው ሰርፋክታንት የተባለ ቅባታማ ፈሳሽ፣ በእነዚህ እንስሳት ውስጥ መጣበቅን ለመከላከል በሚስማማ መንገድ የተሠራ ነው። ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት የሚጎድላቸውም ይኸው ፈሳሽ ነው። በቀጭን ቱቦ ስንሰጣቸው፣ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ የነበረው ደረት ቀስ በቀስ ሲረጋጋ ማየት ከሥራዬ የምወደው ነገር ነው።

ታዲያ ኦክስጅኑን ከየት ያገኙታል? ከደማቸውና ከጡንቻቸው። የዌደል አቆስጣ ሳንባው ውስጥ የሚይዘው የኦክስጅን ስንቅ ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በሰው ግን ወደ ሩብ ይጠጋል። ጡንቻው ማዮግሎቢን የተባለው ኦክስጅን ያዥ ፕሮቲን ስለበዛበት ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ ነው። ልቡ ደግሞ ምቱን ይቀንሳል። የኩቪየር ምንቃራም ዓሣ ነባሪ 2,992 ሜትር ጥልቀት፣ በሌላ ጊዜም 222 ደቂቃ ቆይታ ተመዝግቦለታል።

የእርስዎም ልብ ፊትዎ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው በመጠኑ ይዘገያል። የጎድን አጥንትዎንና ቧንቧዎን ግን ልምምድ አይለውጣቸውም።

አሁን ወደ ፈጣኑ ትንፋሽ ልመለስ። ኦክስጅን አይጨምርልዎትም፤ የሚያደርገው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ማራገፍ ነው። «ተንፍስ» የሚለው ጭንቀት በዋናነት የሚመጣው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በመሆኑ፣ ረዘመልኝ ያሉት ጊዜ ማስጠንቀቂያው የጠፋበት ጊዜ ነው። ታች ሳሉ ጫናው ኦክስጅኑን ወደ ደም ይገፋል። ሲወጡ ሳንባው ይሰፋል፣ የኦክስጅኑ ግፊት ይወርዳል፤ በመጨረሻዎቹ 10 ሜትሮች ደግሞ በፍጥነት። ዓይንዎ ሊደርሱ ሲሉ የጨለመው ለዚህ ነው። ብዙዎች እዚያው ራሳቸውን ይስታሉ፣ አጠገባቸው ሰው ከሌለ ይሰጥማሉ።

ስለዚህ ልብዎንና ሳንባዎን ይመርመሩ፤ የሆነውን ሁሉ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩት። ደም የቀላቀለ ሳል፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ገንዳ ውስጥም ቢሆን ትንፋሽ ይዘው አይጥለቁ። ከዚያ በኋላ ከተፈቀደልዎ በሠለጠነ አስተማሪ ሥር ይሁኑ፤ እርስዎ ሲጠልቁ ላይ ሆኖ የሚጠብቅ፣ ከወጡም በኋላ ትንፋሽዎ እስኪረጋጋ ዓይኑን ከእርስዎ የማይነቅል ጓደኛም ይኑርዎ።