ፎሶሊያው አረንጓዴ እንደሆነ እንዲቀርብ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። በጾም ፎሶሊያ በካሮት እሠራለሁ፣ ጥሬውን ሳየው ደስ ይላል ሲበስል ግን መልኩ ይጠፋና ይልፈሰፈሳል። ልጆቼ ካሮቱን እየለቀሙ በልተው ፎሶሊያውን ይተዉታል። ጎረቤቴ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሪበት አለችኝ፣ ልጨምር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሶዳውን ተይው እህቴ። አረንጓዴ ያደርገዋል እውነት ነው፣ ግን ያልፈሰፍሰዋል፣ ቫይታሚኑን ይቀንሰዋል፣ ከበዛ ደሞ ሳሙና ሳሙና ይላል።

መልኩን የሚያጠፋው አሲድ ነው። አትክልቱ ራሱ ውስጡ ትንሽ አሲድ አለው፣ ሲሞቅ ይወጣና አረንጓዴውን ወደ ወይራ መልክ ይቀይረዋል፣ ድስቱን ከድነሽ ከቀቀልሽ ደሞ በእንፋሎት ሊወጣ የነበረው ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይንጠባጠባል። ቲማቲምም እንደዛው ነው። ብዙ ቤት ቁሌቱ ላይ ቲማቲም ይገባና ፎሶሊያው ከነጥሬው እዛው ይንተከተካል፣ አሲዱ ቶሎ እንዳይለሰልስም ያደርገዋል፣ አልበሰለም እየተባለ ሲቆይ ሲቆይ በቃ እዛ ጋ ነው የሚበላሸው።

ስትገዢ አንዷን ስበሪያት፣ ቀጭ ካለች ትኩስ ናት፣ ከተጣጠፈች ተያት። ቀጫጭኑን ምረጪ፣ ውስጡ ፍሬው ያበጠው አርጅቷል፣ ምንም ብታደርጊው ጭረቱ አይለቅም። ጫፍና ጫፉን ቀንጥሰሽ ክር ካለው ሳቢለት።

ለግማሽ ኪሎ 3 ሊትር ውሃ ጣጂ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሪበት፣ በደንብ ሲንፈቀፈቅ ፎሶሊያውን ክተቺ፣ ክዳን የለም። ውሃው ብዙ የሆነው አትክልቱ ሲገባ ሙቀቱ እንዳይወርድ ነው። እኛ አገር ደሞ ከፍታው አለ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው እንጂ 100 አይደርስም፣ ስለዚህ የውጭ ቪዲዮ ላይ 3 ደቂቃ ሲሉ እኛ ጋ 5 ወይ 6 ሊሆን ይችላል። ሰዓቱን ብቻ አትመኚ፣ ከ4 ደቂቃ በኋላ አንዷን አውጥተሽ ቅመሺ፣ የጥሬ ሽታው ጠፍቶ መሀሉ ገና ኩርሽም ሲል ወዲያው አጥልይና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድፊው፣ ዝም ብለሽ ካስቀመጥሽው በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ግን ጨርሶ ጥሬውን እንዳትሰጪያቸው፣ ጥሬ ፎሶሊያ ሆድ ያማል።

ከዛ ቀይ ሽንኩርቱን በዘይት አቁላይ፣ ቀጠን አድርገሽ የከተፍሽውን ካሮት ጨምረሽ ለስለስ እስኪል አብስይ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ መጨረሻ ላይ ውሃው በደንብ የተንጠፈጠፈ ፎሶሊያ። እሳቱን ከፍ አድርገሽ 2 ደቂቃ አገላብጪው፣ ቃሪያ ጣል፣ አለቀ። ሎሚ የምትወጂ ከሆነ ማዕድ ላይ ጭመቂው፣ ድስቱ ውስጥ አይሁን። ለነገ የሚተርፍ ከሆነም የተቀቀለውን ለብቻ ፍሪጅ አስቀምጪና ልትበሉ ስትሉ አቁላይው፣ ተሠርቶ ያደረው እንደዛ አይሆንም።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፣ የማገኘው ፍሮዝኑን ነው፣ እሱስ እንዴት ይቀቀላል?

መልስ፦ አይቀቀልም! ፋብሪካው ሳያቀዘቅዘው በፊት አንዴ በፈላ ውሃ ወይ በእንፋሎት ነክቶታል። በረዶው እንዳለ የጋለ መጥበሻ ላይ በትኚው፣ ሰፊ መጥበሻ ይሁን፣ ከተደራረበ ውሃ ያወጣና ይቀቀላል። ውሃው ከደረቀ በኋላ ነው ዘይትና ነጭ ሽንኩርት የሚገባው።