ያረጀውን የአደን ጠመንጃ ላስጠግነው ወይስ ልለውጠው?

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኩት ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ አለኝ፣ 12 ጌጅ ነው (የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ)። ሲዘጋ ላላ ይላል፣ ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል፣ የግራው ምላጭ ደግሞ አንዳንዴ ተስቦ አይተኩስም። አንዱ ጓደኛዬ «ተወውና አዲስ ግዛ» ይለኛል፣ ሌላው «የድሮ ዕቃ ነው፣ አስጠግነው» ይላል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም በርሜሉን ሳያዩ ነው የፈረዱት። የተሰነጠቀ ሰደፍ ይጣበቃል፣ ካልሆነም ሌላ እንጨት ይቀረጽለታል። የማይተኩሰው ወገን ጥይቱን የሚመታው መርፌ አልቆ ወይ ሞላው ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ይቀየራሉ። በርሜል ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጥ፣ ደግመህም እይ። ከዚያ በርሜሉን ነቅለህ በደንብ ወልውለውና በብርሃን አንጻር ውስጡን ተመልከት። ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ካየህ ዝገት የበላው ጉድጓድ ነው። ጥይቱ የሚጎርስበት ቦታና ከፊቱ ያለው ክፍል ላይ ከሆነ ክፉ ነው፣ የባሩዱ ግፊት የሚበረታው እዚያ ነውና። ውጭውንም በጣትህ ዳብሰው፤ ያበጠ ቦታ ካገኘህ በቃ፣ አትተኩስበት። ሌላም ዘዴ አለ፦ በርሜሉን በገመድ አንጠልጥለህ በትንሽ እንጨት መታ አድርገው። ጥርት ብሎ እንደ ደወል ከጮኸ ጥሩ ነው፣ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ግን ሁለቱን በርሜል ያያያዘው ብየዳ ለቆ ሊሆን ይችላል። የበርሜሉን ግድግዳ ውፍረት ግን በዓይን አትገምተውም፣ ባለሙያ ይለካልህ።

ብዙ ሰው የሚሸወድበትን ልንገርህ። ብዙ የድሮ ጠመንጃዎች የተሠሩት ለ65 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው፣ ዛሬ የሚሸጠው ግን ባብዛኛው 70 ነው፣ 76ም አለ። ይህ ቁጥር የቀለሁ ርዝመት ነው፣ ያውም ተተኩሶ አፉ ከተዘረጋ በኋላ ያለው፣ ስለዚህ ረጅሙ ጥይት ሳይተኮስ በአጭሩ ጎሬ (ጥይቱ በሚገባበት ቦታ) ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባና ትክክለኛው ይመስልሃል፣ ሲተኮስ ግን አፉ የሚዘረጋበት ቦታ አጥቶ መውጫውን ያጠብበታል፣ ግፊቱም ይጨምራል። «ገባ» ማለት «ልኩ ነው» ማለት አይደለም። ፍሬው እርሳስ ሳይሆን ብረት የሆነ ጥይትም ለድሮ በርሜል አይሆንም። በርሜሉ ላይ የተጠማዘዘ የእንጨት ጅማት የመሰለ መልክ ካየህ ደግሞ ዳማስከስ የሚባለው፣ ብረትና ስቲል ተጠማዝዞና ተበይዶ የተሠራው የድሮ በርሜል ሊሆን ይችላል፣ አብዛኛው የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። እኔ ብሆን ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።

የመላላቱን ነገር ለማየት ከበርሜሉ ሥር ያለውን የእጅ መያዣ እንጨት አውልቀህ፣ ጠመንጃውን ዘግተህ ግራና ቀኝ ወዝወዝ አድርገው። ከተነቃነቀ ወይም በርሜሉና ከኋላው ያለው ብረት መሃል ብርሃን ካሳለፈ የማጠፊያው ፒን አልቋል። ይሠራል፣ ግን ጥሩ እጅ ይፈልጋል፣ ርካሽም አይደለም። «በብየዳ ቶሎ አጠብቅልሃለሁ» ለሚልህ አትስጠው።

እና በርሜሉ ደህና ከሆነ አስጠግነው፣ የአባትህ ዕቃ ነው፣ ያለምንም ማመንታት። በርሜሉ ካለቀ ግን ለሰደፉም ለሞላውም ሳንቲም አታውጣ፣ አዲሱን ግዛ። የድሮውን በርሜል ቱቦ ቆርጦ አዲስ የሚያስገባ ባለሙያ አለ፣ ወጪው የሚያዋጣው ግን ለምርጥ ጠመንጃ ብቻ ነው።

እስኪታይ ድረስ አትተኩስበት። ወደፊትም ምላጩን ስበህ ካልተኮሰ ቶሎ አትክፈተው፤ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳቀናህ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቅ፣ ጥይቱ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላልና።