ቪትዝ ወይስ ቴሪዮስ? መጀመሪያ መንገዱን በብሎኬት ለካው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ አይቼው "ነገ ተረጋግቼ እመልስለታለሁ" ብዬ ነው የተኛሁት። ያልከው ይኼ ነው፤ ቤትህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ሥራህ መገናኛ፣ ሁለት ልጆች፣ ትንሿ ገና ጡት ያልጣለች። የያዝከው ገንዘብ ወይ ደህና ቪትዝ፣ ትንሿን የቶዮታ የቤት መኪና፣ ወይ ትንሽ የቆየች ቴሪዮስ፣ ከፍ ያለችውን የዳይሃትሱ ትንሽ ኤስዩቪ፣ ይገዛል። ጓደኞችህ ደግሞ "ለእኛ ሰፈር ከፍ ያለ መኪና ነው የሚያዋጣው" እያሉ ነዝንዘውሃል። የትኛዋን ልግዛ፣ ዋጋውስ ለምን እንዲህ ተሰቀለ ነው ያልከው።

እኔ ስድስት ዓመት ቪትዝ ነድቻለሁ። ቴሪዮስ ከያዝኩ ደግሞ ዘንድሮ ሦስተኛ ክረምቴ ነው። ሁለቱንም በራሴ ገንዘብ ገዝቼ በራሴ ገንዘብ አሠርቻለሁ። ኮሚሽን የሚቆርጥልኝ ደላላ የለም።

ከመኪናው በፊት ስለ መንገዱ እናውራ። "ኮዬ" ስትለኝ ብቻውን ብዙ አይነግረኝም። ኮብልስቶኑ ብሎክህ በር ድረስ ገብቷል? ወይስ ከአስፋልቱ ወርደህ፣ ሬድ አሽ ተደፍቶበት ክረምት በመጣ ቁጥር የሚሰምጠውን መንገድ ነው የምትይዘው? መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሃያ ኪሎ ሜትሩን አስፋልት ማንኛዋም መኪና ትሄደዋለች። መኪና የሚያስመርጥህ የመጨረሻዋ ግማሽ ኪሎ ሜትር ናት።

እና መለኪያ ልስጥህ። ቪትዝ ከመሬት እስከ ሆዷ 14 ሴንቲሜትር ከምናምን ነው። ቴሪዮስ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ናት። ልዩነቱ ከአራት ጣት አይበልጥም። ብሎኬት ደግሞ ቁመቱ 20 ሴንቲሜትር ነው። ግንባታ በሌለበት ሰፈር ስለማትኖር አንድ ብሎኬት አታጣም። ይዘኸው ውጣና በጎማዎቹ ቦይ መሃል ያለውን ጉብታ፣ ያፈጠጠውን ድንጋይ፣ ጎረቤት በራሱ ሲሚንቶ የሠራውን የፍጥነት መቀነሻ፣ ሁሉንም አጠገቡ አቁመህ አስተያየው። ከብሎኬቱ ግማሽ በታች ከሆነ ቪትዝ ያለ ሐሳብ ታልፈዋለች። ከግማሹ ከዘለለ፣ ሰው ሲጫንባት ሆዷን ልትፋቅ ትችላለች። ብሎኬቱን የሚያክል ከሆነ ቴሪዮስም አታድንህም፤ ሌላ መንገድ ፈልግ። ይህን ደግሞ በጥር እንዳታደርገው። በጥር ሁሉም መንገድ ጨዋ ነው። ነሐሴ ላይ ለካው።

አንድ ነገር አትርሳ። እነዚህ ቁጥሮች ባዶ መኪና ላይ ያሉ ናቸው። አምስት ሰው ሲጫን ቪትዝ ኋላዋ ቁጢጥ ትላለች። እኛ ቤት ሕግ ነበረን፤ ጉብታው ጋ ስንደርስ "ወንዶች ውረዱ!" ይባላል። እናቴና ልጆቹ ይቀመጣሉ፣ እኔና ወንድሜ አንዳችን ነድተን አንዳችን በእግር እንሻገራለን። አንድ ቀን እንግዳ ይዘን "ወንዶች ውረዱ" ስንል ሰውየው ፍተሻ መስሎት መታወቂያውን አወጣ።

ቪትዟን የጎዳኋትም እዚያው ጉብታ አካባቢ ነው። ሐምሌ ነበር፣ እሑድ ከሰዓት። መንገዱን ውሃ ሞልቶታል። በየቀኑ የማልፍበት ስለሆነ ቀዳዳውን በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ ገባሁ። ሌሊቱን ግን ጎርፉ ድንጋይ አንከባሎ አምጥቶ ኖሯል። ጓ! አለ። ቀጥዬ ነዳሁ። ከግቢያችን ጥበቃ አንዱ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ከዘራቸውን እያወዛወዙ "ኧረ አንተ ልጅ፣ ዘይቱ እየፈሰሰ ነው!" ሲሉኝ ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላዬ ጥቁር መስመር ተሠምሯል። የሞተር ዘይት መያዣው ተሰንጥቆ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋ የዘይት መብራት የበራችው ሞተሩን ያጠፋሁ ጊዜ ነው፣ ወይም እኔ ያየኋት ያኔ ነው። እሳቸው ባይኖሩ "ሦስት መቶ ሜትር ናት፣ ቤት ትደርሳለች" እያልኩ ሞተሩን እጨርሰው ነበር። ያቺ መብራት ከበራች ቤትህ በር ላይ ብትሆንም አጥፋ። ዘይት ያጣ ሞተር ብረት ከብረት ነው የሚፋጨው፤ ደቂቃ አይሰጥህም።

ከዚያ በኋላ ብየዳ ቤት ወስጄ ከሥሯ የላሜራ መከላከያ አስበየድኩላት። ዘይት ለመቀየር የሚያስገባ ቀዳዳም አስተውኩበት። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተፋቀች አልቆጠርኩም፣ ግን ዘይት አላፈሰሰችም። ቪትዝ ከገዛህ በመጀመሪያው ሳምንት አሠራላት።

አሁን ሰዎች የሚሳሳቱበት ነገር። ከፍታ አንድ ነገር ነው፣ መሬት መቆንጠጥ ሌላ ነገር ነው። በእኛ በኩል፣ ከጎሮ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ መሬቱ ዋልካ ነው። ዝናብ ሲነካው ያብጥና ሳሙና ይሆናል። በጋ ላይ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ዋልካ ጎማ ላይ ሲለጠፍ ጥርሶቹ መሃል ይሞላና ጎማህን ልሙጥ ያደርገዋል። ያኔ መኪናህ ከመሬት 20 ሴንቲሜትር ከፍ ማለቷ ምንም አይፈይድልህም፤ ከፍ ብላ ትንሸራተታለች፣ በቃ። ከትንንሾቹ ኤስዩቪዎች ብዙዎቹ ደግሞ ኃይል የሚያገኙት ሁለት ጎማ ብቻ ናቸው። ቴሪዮስም ፎር ዊልም አላት፣ በኋላ ጎማ ብቻ የምትነዳም አላት። ሁለቱ ከውጭ አንድ ናቸው። ሻጩ "ያው ናት" ቢልህ ከሥር ተኝተህ እይ። ወደ ፊት ጎማዎቹ የሚሄድ ዘንግ ከሌለ የምትገዛው ከፍ ያለች ቪትዝ ነው፤ እሷም ያለ ቪትዝ የነዳጅ ቁጠባ።

እኔ የፎር ዊሏ ባለቤት ሆኜም ቀርቻለሁ። ጎማዎቹ አልቀው ነበር፣ "መስከረም ላይ እቀይራለሁ" ብዬ አቆየኋቸው። ነሐሴ ላይ አዲሱ ሳይታችን በር ላይ ገብታ ቀረች። አሥር ሰው ገፋ፣ አልነቃነቅ አለች። በመጨረሻ አሸዋ ያራገፈ ሲኖትራክ ጎትቶ አወጣኝ። ሹፌሩ ገንዘቡን ተቀብሎ "ለካ እናንተም ትቀራላችሁ" ብሎኝ ሄደ። ቪትዟ ግን ብዙ ጊዜ ብትቀርም አራት ጎረምሳ አንስቶ ነው የሚያስቀምጣት። ቀላልነት ራሱን የቻለ ፎር ዊል ነው። ጎማ ላይ ግን አትሰስት፤ አዲስ ጎማ ያላት ባለ ሁለት፣ ያለቀ ጎማ ካላት ፎር ዊል ትሻላለች።

ውሃ ላይም እንዲሁ። ከፍ ያለች መኪና ስትይዝ ትደፍራለህ። አትድፈር። ሞተር አየር የሚስብበት አፍ ውሃ ከሳበ ያልቅልሃል። ፒስተን አየር ይጨምቃል እንጂ ውሃ አይጨመቅለትም፣ የሚታጠፈው ብረቱ ነው። ጎርፉ የጎማህን እኩሌታ ካለፈ ቁምና ሻይ ጠጣ። አዲስ አበባ ጎርፍ እንደመጣ ነው የሚሄደው።

ወደ ዕለት ተዕለቱ እንምጣ። ከኮዬ በጎሮ አድርገህ መገናኛ ደርሶ መልስ 40 ኪሎ ሜትር በለው። በወር 25 ቀን ብትመላለስ 1,000 ኪሎ ሜትር። የእኔ ቪትዝ፣ ባለ 1000 ሲሲዋ፣ በዚህ ሰልፍ በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ትሄድልኝ ነበር። ቴሪዮሷ፣ ባለ 1500ዋ፣ 10 ከሄደችልኝ እሰየው ነው። አንዷ በወር 71 ሊትር፣ ሌላዋ 100 ሊትር ማለት ነው። በዓመት ልዩነቱ 340 ሊትር አካባቢ ይደርሳል። በዕለቱ ዋጋ አባዛው። ብሩን እዚህ አልጽፈውም፣ ነገ ስታነበው ተቀይሮ ይሆናል። ላይ ደግሞ የማደያው ሰልፍ አለ፤ ብዙ የምትጠጣ መኪና ብዙ ጊዜ ታሰልፍሃለች።

ስለ ጉልበት ከተነሳ፣ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበቱን ያጣል። ባለ 1000 ሲሲዋ ቪትዝ ወረቀት ላይ 70 የፈረስ ጉልበት አላት፤ እዚህ ከ55 ብዙ አትዘልም። ብቻህን ስትሆን አይታወቅህም። አምስት ሆናችሁ እንጦጦ ስትወጡ ግን ኤሲውን አጥፍተህ፣ ጨዋታ አቁመህ፣ ሁላችሁም በሐሳብ ትገፋላችሁ። ስለዚህ ቪትዝ ከሆነ ባለ 1300ዋን ፈልግ። ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ አለ። ባለ 1300 ቴሪዮስም አለች፤ ከባለ 1300 ቪትዝ በጉልበት እኩያ ናት፣ በክብደት ግን ትበልጣለች። ትልቅ ስለመሰለች ዳገት ላይ ትበረታለች እንዳትል።

"ታዲያ አንተ ለምን ቀየርክ?" ትለኝ ይሆናል። በእናቴ ጉልበት ምክንያት ነው። እናቴ ሪህ አለባት። ቪትዝ ውስጥ መግባት ለእሷ መቀመጥ አይደለም፣ መውደቅ ነው። ለመውጣት ደግሞ ሁለት እጇን ይዤ እስባለሁ፣ እሷ "ቀስ፣ ቀስ" ትላለች፣ ከኋላ ያለ ታክሲ ጥሩምባውን ይነፋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐኪም ቤት ስንመላለስ ከሕመሙ ይልቅ መኪናው አደከማት። ቴሪዮስ ላይ ወንበሩ ወገቧ ጋ ነው። ዞር ብላ ቁጭ ትላለች፣ ዞር ብላ ትወርዳለች። ለዚህ ብቻ ስል የጨመርኩትን ገንዘብ አልቆጭበትም። ያኔ ደግሞ የማኅበር ቤታችን አልቆ ወደዚያ ልንገባ ስለነበር፣ መንገድ ያልወጣለት ሳይት ነው፣ ሁለቱ ምክንያት ገጠመልኝ። አንተ ቤት እንዲህ ዓይነት ሰው አለ? ጥያቄህ ላይ አልጻፍክም።

ዕቃ ላይ ያን ያህል አትጨነቅ። አንድ ኩንታል ጤፍ ቪትዝ ኋላ ገብቷል። ለፋሲካ በግም ገብቷል፤ ሽታው እስከ ጰራቅሊጦስ አለቀቀንም እንጂ።

ጥገናው ደግሞ እንዲህ ነው። የቪትዝ ዕቃ ሶማሌ ተራ ላይ ሞልቷል፤ አዲስም፣ ያገለገለም፣ "ኦርጅናል" ተብሎ የተቀባም። የሰፈር መካኒክ ሁሉ እጁን የፈታባት መኪና ናት። የቴሪዮስ ዕቃም ይገኛል፣ ግን ትዞራለህ። ጎማ ስትገዛ ልዩነቱ ይሰማሃል፤ የእኔ ቪትዝ 165/70 ባለ 14 ነበር የምታደርገው፣ ቴሪዮሷ 215/65 ባለ 16። አራት ጎማ ቀይረህ ስትወጣ ሌላ ሰው ትሆናለህ። ግን ሚዛኑ በአንድ በኩል ብቻ አያጋድልም። ቪትዟ በዚያ መንገድ በየዓመቱ የፊት ሾክና ጎሚኒ ትበላብኝ ነበር። ቴሪዮሷ በሦስት ዓመት አንዴ ብቻ ነው ያስነካኋት።

በፈረንጆቹ ከ2005 በኋላ ያለውን ሞዴል ቪትዝ ካየህ አውቶማቲኳ አብዛኛውን ጊዜ ሲቪቲ የሚባለው ካምቢዮ ነው ያላት። የራሱ ዘይት አለው። አንድ ጋራዥ የተለመደውን የካምቢዮ ዘይት ሞልቶልኝ በሁለት ወሩ ስነሳ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ቶሎ አስቀይሬ ነው የተረፈችው። ስትገዛ የሞተሩን ድምፅ ከመስማት አልፈህ ከቆመችበት ዳገት ላይ አስነሳት። ከተንቀጠቀጠች ወይ ዋጋ አስቀንስ፣ ወይ ሂድ።

ዋጋው ለምን እንዲህ ተሰቀለ ላልከው፣ በእኛ አቆጣጠር የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን አስወደደ፤ በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። አገር ውስጥ ያሉት ናቸው እየተዟዟሩ ያሉት። ስለዚህ ሁለቱም ዕድሜ ጠገብ ናቸው፣ የምትገዛውም ሞዴሉን ሳይሆን የቀድሞው ባለቤት አያያዝ ነው። የኤሌክትሪክ ግዛ ያሉህ አሉ፤ ሐሳቡ ደግ ነው፣ ግን አራተኛ ፎቅ እየኖርክ ገመዱን በመስኮት አታወርድም። ግቢያችሁ ቻርጅ ማድረጊያ ካለው ሌላ ወሬ ነው።

እንግዲህ ለአንተ። ኮብልስቶኑ ብሎክህ ድረስ ከገባ፣ ወላጅ የምታመላልስ ካልሆነ፣ ባለ 1300 ቪትዝ ግዛ። የተረፈህን ብር ጎማና የላሜራ መከላከያ አድርገው፣ የቀረው የነዳጅህ ነው። መንገዱ ዋልካ ከሆነ ፎር ዊሏን ቴሪዮስ፣ ባለ 1500ዋን። መሃል ላይ ያለችውን፣ ከፍ ብላ በሁለት ጎማ የምትነዳውን፣ እኔ አልገዛትም። "ታይታ አላት" የሚሉህን ተዋቸው፣ ነዳጅ የሚሞሉልህ እነሱ አይደሉም።

መኪና ለማየት ስትሄድ ደግሞ የሕፃኗን መቀመጫ ይዘህ ሂድ። ወደ ኋላ ዞሮ የሚታሰረው ዓይነት ከሆነ ቪትዝ ላይ የፊቱን ወንበር ወደ ፊት ይገፋዋል። ባለቤትህን ፊት አስቀምጣትና ጉልበቷ ዳሽቦርዱን ይነካ አይነካ እዩ። እኛ ይህን ያወቅነው ከገዛን በኋላ ነው፤ ባለቤቴ አንድ ዓመት ሙሉ ከኋላ ተቀምጣ እኔ ታክሲ ነጂ መስዬ ስነዳ ነበር።