ለወጣት አዋላጆች፦ የአፈር ወለል ደም ይደብቃል

በቅርቡ ተመርቃችሁ ወደ ጎጃም ገጠር ጤና ጣቢያዎች የምትወጡ ልጆቼ፣ እናት በጤና ተቋም ትውለድ የሚለውን መመሪያ አጥብቃችሁ ያዙ። ነፍሰ ጡሯ ወሯ ሲገባ እናቶች ማቆያ እንድትመጣ ባሏንም አማቷንም አሳምኑ። ይሁንና ክረምት ወንዙ ሲሞላ ምጡ ቤት ይጠናል፤ የምትጠሩትም ያኔ ነው።

ከሁሉ አብልጬ የምሰጋው ከወሊድ በኋላ ለሚፈሰው ደም ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ ደሙ አልጋው ላይ ይታያል። ገጠር ቤት ግን የአፈሩ ወለል ይመጠዋል፣ ቀሚሱና ቁርበቱ ይደብቁታል፣ ኩራዙም አያሳይም። «ብዙም አልፈሰሳት» ያላችሁት ከግማሽ ሊትር ያለፈ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ንጹሕ ፕላስቲክ ከሥሯ አንጥፉ፣ የሚፈሰውን ሰብስባችሁ ለኩ። የልብ ምቷንም ደጋግማችሁ ቁጠሩ፤ ወጣት እናት ደሟ እየፈሰሰም የደም ግፊቷ ለጊዜው ደህና መስሎ ይቆያል፣ ምቷ ግን ቀድሞ ይፈጥናል። ደም ማነስ ያለባትን ደግሞ ከግማሽ ሊትር ያነሰውም ይጎዳታል።

ሕፃኑ እንደተወለደ፣ መንታ አለመሆኑን አረጋግጣችሁ፣ በ1 ደቂቃ ውስጥ ማህፀኗን አኮማትሮ ደም የሚገታውን ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት ጭኗ ላይ ውጉ። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ በዓባይ በረሃ ሙቀት ቀኑን ሙሉ በቦርሳ የዞረውን አትመኑት። ማቀዝቀዣ ሳጥን ከሌላችሁ ተመሳሳይ ሥራ ያለውን ሚሶፕሮስቶል እንክብል 600 ማይክሮግራም ትዋጥ።

ያችው 1 ደቂቃ የሕፃኑም ናት። ደርቆና ተነቃቅቶ ካልተነፈሰ በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጠው አምቡ ባግ ልትረዱት ይገባል፤ በዚያችው ደቂቃ ደግሞ እናቱ መርፌዋን ትጠብቃለች። ለዚህ ነው ብቻችሁን አትሂዱ የምለው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይዛችሁ ውጡ፣ ይህንንም በአሻንጉሊት፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን፣ አብራችሁ ተለማመዱ። ንባብ ብቻውን እጅ አያፈጥንም።

ቤት ያገኛችኋቸውን የልምድ አዋላጅም አታመናጭቁ። ሆዷን እንዳይጫኑ፣ እትብቱን ቅቤ እንዳይቀቡ «እማማ» ብላችሁ በአክብሮት ንገሯቸው፤ ሕፃኑን የሚያደርቁና የሚያሞቁ እጅ ይሆኗችኋል። ደግሞም ነገ የሚያስጠሯችሁ እሳቸው ናቸው።

ግፊቷ 140/90 የደረሰ፣ ራሷን አጥብቆ ያመማት፣ ዓይኗ የደበዘዘባት ነፍሰ ጡር ምጥ እስኪመጣ ቤቷ አትቆይ፤ ያኔውኑ ላኳት። ደሙ አልቆም ካለም እንግዴ ልጁን ስትጎትቱ ጊዜ አታጥፉ። ማህፀኗን እያሻችሁ፣ ግሉኮስ ሳይሆን ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጠውን የጨው ውሃ) ሰክታችሁ፣ ቃሬዛውን አስነሡ። እናንተም አብራችኋት ሂዱ፤ የሰጣችሁትን መድኃኒትና ሰዓቱን ጽፋችሁ ለተረኛው በእጁ አስረክቡ።