ገንዘቡን የቆረጠው የቡሬው ባንክ አይደለም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዴንቨር ያለችው እኅትህ ክሬዲት ካርዷን ከገንዘብ መላኪያ መተግበሪያ ጋር አገናኝታ ለእናታችሁ ሕክምና 400 ዶላር ላከች፤ በወሩ መጨረሻ ካርዷ ላይ ያላሰበችው 20 ዶላርና በላዩ ወለድ ተጽፎ አገኘች። «እዚያ የቆረጠ ሰው ይኖራል» ብላ ጠረጠረች፣ አንተም ቅር አለህ። አስቀድሜ ይህን ልንገርህ፦ ቡሬ ላይ ብሩን የቆጠረልህ ገንዘብ ከፋይ ያን 20 ዶላር አልነካውም፣ መተግበሪያውም አልወሰደውም። የወሰደው ካርዱን የሰጣት የአሜሪካ ባንክ ነው። እኔም በዚሁ ነገር አባቴን አስቀይሜ ስለማውቅ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ።

የእኛን አገር ዱቤ አስብ። የሰፈራችሁ ባለሱቅ ስኳሩን፣ ጨውን፣ ሳሙናውን በደብተሩ ጽፎ ይሰጥሃል፤ እህሉ ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ የወሰድከውን ያህል ትከፍለዋለህ፣ በዚያው ያበቃል። ያንኑ ሰው «አንድ ሺህ ብር በእጄ ስጠኝ» ብትለው ግን ደብተሩን ይዘጋዋል። ጥሬ ገንዘብ የሚያበድረው ሌላ ሰው ነው፣ ውሉም ሌላ ነው። ክሬዲት ካርድ እነዚህን ሁለት ሰዎች በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ ይዟል። ዕቃ ስትገዛበት ባለሱቁ ነው፤ ዕዳህን በየወሩ በቀነ ገደቡ አሟልተህ ከከፈልክ ወለድ የለብህም። ካርዱ «ይህ ዕቃ ሳይሆን ገንዘብ ነው» ያለ ጊዜ ግን አበዳሪው ይመጣል። አሜሪካኖቹ ካሽ አድቫንስ ይሉታል፤ የጥሬ ገንዘብ ብድር ማለት ነው። ወለዱ ከዚያው ዕለት ጀምሮ ይቆጠራል፣ የእፎይታ ቀን የሚባል የለውም፣ መጠኑም ብዙ ካርዶች ላይ በዓመት ወደ 30 በመቶ ይጠጋል። በዚህ ላይ የአንድ ጊዜ ክፍያ አለ፤ በብዙዎቹ ካርዶች 10 ዶላር ወይም 5 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው። የ400 ዶላር 5 በመቶ 20 ነው። የእኅትህ 20 ዶላር ይኸው ነው።

ካርዱ ዕቃና ገንዘብን የሚለየው በኮድ ነው። በካርድ ክፍያ የሚቀበል ድርጅት ሁሉ ባለአራት አሃዝ የንግድ ዓይነት ቁጥር አለው። ሐዋላና ገንዘብ ማስተላለፍ 4829 ነው። ማኒ ኦርደር (ቀድሞ ተከፍሎበት የሚገዛ የክፍያ ወረቀት)፣ የውጭ ምንዛሪና ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) የሚሸጡት 6051 ውስጥ ይገባሉ። ቁማር 7995 ነው። ብዙ ባንኮች እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ «ጥሬ ገንዘብ» ብለው ይይዟቸዋል። እናቷን ለማሳከም የላከችው ልጅና ካዚኖ የገባው ሰው በአንድ ዓይን መታየታቸው ያመኛል፣ ግን ውሉ ላይ የተጻፈው እንዲህ ነው። የአንዱ ካርድ ባንክ እንደ ግዢ የተቀበለውን ሌላው እንደ ብድር ሊይዘው ስለሚችልም «ጓደኛዬ በዚሁ መተግበሪያ ልካ ምንም አልተቆረጠባትም» የሚለው ለእኅትህ ዋስትና አይሆናትም።

የእኔን ልንገርህ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ በምሠራበት ጊዜ፣ ደብረ ማርቆስ ያለው የወላጆቼ ቤት ጣሪያ ዝጎ ማፍሰስ ጀመረ። ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮና ሚስማር እንዲገዙ ብዬ በግንቦት 600 ዶላር ላክሁ። መተግበሪያው ለራሱ 18 ዶላር እንደሚወስድ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበርና በዚያ ቅሬታ አልነበረኝም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሌሊት ሥራ ገብቼ የካርዱን የሒሳብ መግለጫ ስከፍት ግን 30 ዶላር ክፍያና ወደ 11 ዶላር ወለድ ተጽፏል። ምን እንደሆነ ስላልገባኝ በቀጥታ አባቴ ዘንድ ደወልኩ። «አባዬ፣ ስንት ብር ሰጡህ?» አልኩት። ነገረኝ። «እርግጠኛ ነህ?» አልኩት። ታናሽ ወንድሜን ጠርቶ ደረሰኙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስነበበልኝ፤ ከዚያ ስልኩን ይዞ ዝም አለ። ያ ዝምታ ከ30 ዶላሩ ይልቅ ከብዶኛል። ሰባ ዓመት ሙሉ የሰው ሳንቲም ያልነካ ሰው በገዛ ልጁ ተጠየቀ። እኅትህ ላይ አትፍረድባት የምልህም ለዚህ ነው፤ ወረቀቱን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ገንዘቡ የደረሰበትን ቦታ ነው።

ነገሩ በዚያም አላበቃም። የመጣብኝን ሁሉ በቀነ ገደቡ ከፈልኩ፤ በሚቀጥለው ወር ግን እንደገና ወደ 11 ዶላር መጣ። ሒሳቡ ከተዘጋበት ቀን እኔ እስከ ከፈልኩበት ቀን ባሉት 21 ቀናት ወለዱ በየቀኑ 52 ሳንቲም ገደማ እየጨመረ ነበርና። እኅትህም ይህን ካላወቀች በሚቀጥለው ወር ሁለተኛ ጊዜ ትደነግጣለች።

ስለዚህ ዛሬውኑ ንገራት፤ የመክፈያ ቀኑን አትጠብቅ። ካርዱ ጀርባ ላይ ወዳለው ቁጥር ትደውልና «የካሽ አድቫንስ ዕዳዬን ዛሬ ብዘጋው ጠቅላላው ስንት ነው?» ብላ ትጠይቅ፤ የሚነግሯትን ትክፈል። ሌላ የግዢ ዕዳም ካለባት ክፍያዋ ከወርሃዊው ዝቅተኛ መጠን በላይ ይሁን። በፈረንጆቹ 2009 በወጣው የአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ሕግ መሠረት ከዝቅተኛው በላይ የተከፈለው ገንዘብ ወለዱ ከፍ ወዳለው ዕዳ በቅድሚያ ይሄዳል፤ ዝቅተኛውን ብቻ ከከፈለች ግን ባንኩ ወለዱ ወዳነሰው ዕዳ ሊያውለው ይችላል።

በዚያው ስልክ ሁለት ነገር ትጠይቅ። አንደኛው 20 ዶላሩን እንዲተዉላት ነው። የመጀመሪያዋ እንደሆነና አሠራሩን እንዳላወቀች በትሕትና ትንገራቸው። ግዴታ የለባቸውም፤ ለእኔ ግን 30ውን መልሰውልኛል፣ ወለዱን ግን አልመለሱም። ሁለተኛው የጥሬ ገንዘብ ብድር ጣሪያዋን ወደ ዜሮ ወይም ወደሚቻለው ዝቅተኛ መጠን እንዲያወርዱላት ነው። ይህ ጣሪያ ከግዢው ጣሪያ የተለየ ነው፤ ከወረደ በኋላ እንዲህ ያለው ክፍያ ብዙውን ጊዜ በዝምታ ከመቆረጥ ይልቅ «አልተፈቀደም» ተብሎ ይመለሳል። ሁሉም ባንክ እሺ አይልም፣ መጠየቁ ግን ነፃ ነው።

ከዚያ መተግበሪያው ውስጥ ገብታ ክሬዲት ካርዱን ታውጣው። «ሁለተኛ ምርጫ አድርጌ ልተወው» እንዳትል፤ አንዳንዶቹ መተግበሪያዎች ከመጀመሪያው ሒሳብ ገንዘብ ሲያጥር ወደተመዘገበው ሌላ ካርድ ይሻገራሉ። በምትኩ የባንክ ሒሳቧን ወይም ዴቢት ካርዷን ታገናኝ። በባንክ ሒሳብ መላክ አንዳንዴ ጥቂት ቀናት ይወስዳል፣ ዴቢት ካርድ ይፈጥናል። ሁለቱም የራሷን ገንዘብ ነው የሚያንቀሳቅሱት፣ ብድር የለበትም።

ቀድሞ ጥሬ ገንዘብ ይዛ ወኪል ሱቅ ሄዳ ትልክ እንደነበርና «አዲስ ታክስ መጣ» ሲሏት ወደ ካርድ እንደዞረች ጽፈሃል። ታክሱ እውነት ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ፣ በማኒ ኦርደርና በመሳሰለው ተከፍሎ በሚላክ ሐዋላ ላይ 1 በመቶ ይታሰባል። አሜሪካ ውስጥ በተሰጠ ካርድ ወይም ከባንክ ሒሳብ የተከፈለውን አይመለከትም። «በካርድ ላኪ» ያሏት ሰዎች ግን የትኛው ካርድ እንደሆነ አልነገሯትም። ከ400 ዶላር ላይ ታክሱ 4 ዶላር ነበር፤ ያንን ስትሸሽ 20 ከፈለች። ዴቢት ካርድ ቢሆን ሁለቱም አይነኳትም ነበር።

«ከፋፍዬ በትንሽ በትንሹ ልላክ» ብትል ደግሞ ከልክላት። የዝቅተኛው ክፍያ 10 ዶላር ከሆነ 100 ዶላር በላከች ቁጥር 10 ዶላር ይሄዳል፤ 400ውን በአራት ጊዜ ብትልከው 20 የነበረው 40 ይሆናል። እዚያው አሜሪካ ውስጥ ዕቁብ የሚሰበሰብበት መተግበሪያም በክሬዲት ካርድ ከተከፈለበት እንዲሁ ሊቆረጥበት ይችላል። ዕቁብ ከጣለች ይህንንም ትይበት።

በእናንተ መካከል ያለውን ቅሬታ ደግሞ አንድ ወረቀት ይፈታዋል። ስትልክ መተግበሪያው የሰጣት ደረሰኝ ላይ የራሱ ክፍያ፣ የዕለቱ የምንዛሪ ተመንና በብር የሚደርሰው መጠን ተጽፏል። ያንን ፎቶ አንስታ ትላክልህ፣ አንተም ቡሬ ላይ የፈረምክበትን ደረሰኝ ላክላት። ሁለቱ የብር ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ከዚህ ወገን የጎደለ ነገር የለም። እኔ ይህን ያደረግሁት አባቴን ከጠየቅሁት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ማድረግ ነበረብኝ።

የላከችበትን ቀንና የካርዷን የጥሬ ገንዘብ ብድር ወለድ መጠን ከሒሳብ መግለጫው አይታ ከነገረችህ እዚሁ ጻፍልኝ፤ የካርዱን ቁጥር ግን ማንም እንዳያየው። እስከ ዛሬ የደረሰውን ወለድ አስልቼ ማታ እመልስልሃለሁ። እናታችንን እግዚአብሔር ይማርልን።