ማዛመድ ለትንሹም ለትልቁም

እህቴ፣ የ3 ዓመት ሕፃናትንም ገና ፊደል የሚቆጥሩ አዋቂዎችንም ስለምታስተምሪ፣ ማዛመድን ለሁሉም በአንድ መንገድ ማስተማር ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። የእኔ መልስ፦ ዘዴው አንድ ነው፣ የምታቀርቢላቸው ነገር ግን አንድ መሆን የለበትም።

ለትንንሾቹ በካርድ አትጀምሪ። መጀመሪያ ዕቃን ከዕቃ፣ ቀጥሎ ዕቃን ከሥዕሉ አዛምጂ፤ ሥዕልን ከሥዕል ማዛመዱን ኋላ ትደርሺበታለሽ። ምርጫው ሁለት ይብቃ። ትክክለኛውንም ሁልጊዜ በአንድ በኩል አታስቀምጪ፤ ልጁ ቦታውን ይዞ ነገሩን ያወቀ ይመስልሻል።

አንድ ጊዜ ለአንዲት ልጅ ቀይ ኩባያ ሰጥቼ "ጓደኛውን ፈልጊለት" አልኳት። ፊቷ ያሉት ሰማያዊ ኩባያና ቀይ ኳስ ናቸው። ኳሱን አነሳች። "አይደለም" ብዬ መለስኩት። እሷ እንደገና አንስታ ኩባያው አጠገብ አስቀመጠችና "ቀይ፣ ቀይ" አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ በቀለም ይሁን በዓይነት አልነገርኳትም። ከዚያ ወዲህ ቀለም ሳስተምር ዕቃዎቹ በቅርፅም በመጠንም አንድ ናቸው። የጣሊያናዊቷ የሕፃናት ትምህርት ባለሙያ የማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያው የቀለም ሳጥንም እንዲሁ ነው፦ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ፣ 3 ጥንድ ብቻ። 11 ጥንድ የሚመጣው በሁለተኛው ሳጥን ነው።

ፊደል ላይ ለደረሱት "ለ"ን ከ"መ" መለየት አያስቸግርም። የሚያምታታቸው "ነ"ና "ኘ"፣ "ተ"ና "ቸ" ናቸው፤ አናታቸው ላይ ያለችውን ጭረት በጣት አስነኪያቸው።

ከፍ ላሉት ተማሪዎች "አዛምድ" ስታወጪ በ"ሀ" ሥር 5 ጥያቄ ካለ በ"ለ" ሥር 7 መልስ አድርጊ። እኩል ከሆነ የመጨረሻዋ ሳይታወቅ በራሷ ትገኛለች፤ አንዷን የሳተም የሌላዋን መልስ ስለተጠቀመባት ሁለት ይስታል። አገርን ከዋና ከተማው በምታዛምጂበት ዝርዝር ውስጥ ዓመተ ምሕረትም አትቀላቅዪ፤ ያለ ዕውቀት ይለያል።

አዋቂዎቹ ላይ ተሳስቻለሁ። የዳክዬና የኳስ ሥዕል ባድላቸው አንድ አባት ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ ምንም አላሉም። በማግስቱ ስማቸውን ከሌሎች አራት ስሞች ጋር በየካርዱ ጽፌ "የእርስዎን ያውጡልኝ" አልኳቸው። ወዲያው አወጡት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ግን ያወቁት በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው። በዚያው ፊደል የሚጀምሩ ስሞች ስደረድርላቸው የሌላ ሰው ስም አነሱ። ስነግራቸው ሳቁና "ዘመዴ መስሎኝ ነው" አሉ። ከዚያ ያነሱትን ካርድ ከራሳቸው ስም ሥር አድርገው፣ በጣታቸው ፊደል በፊደል እያመሳከሩ ሄዱ።